ኳሱ በመሃል፣ ሰው በዙሪያ

ሁለት ክረምት ሙሉ የንፋስ መውጫን የኳስ ሜዳ እንዳልረግጥ ተከለከልሁ። የከለከሉኝ ጠላቶቼ አይደሉም፤ የገዛ አገሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ጥፋትህ ተብሎ የተነገረኝ «ለሰው ልጅ ነውር አስተማርህ» የሚል ነው። እኔ ያስተማርሁት ኳስን በሁለት ሰው መሃል ማሳለፍ ነው። ይህን የምጽፈው ዛሬ ለምታሠለጥኑት ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጠጉሬ ከሸበተ ወዲህ ስለሆነ ቃል ማሳመር አይሆንልኝም። የሆነውን እናገራለሁ፣ ይበቃል።

ሥራውን የጀመርሁ ለት የመጣልኝ ኳስ ለጥገና ነው እንጂ ለሥልጠና አልነበረም። ከጦር ሠራዊት በጉልበቴ ሕመም ተሰናብቼ አገሬ ገብቼ ነበር። ሜዳው ዳር አንዲት ደሳሳ ቤት ይዤ ጫማና ኮርቻ እሰፋለሁ። ጦር ሰፈር ሳለሁ የተማርሁት ሁለት ነገር ነው፤ ቆዳ መስፋትና ኳስ። በሻለቃ ጦሩ ቡድን ግራ አማካይ ነበርሁ። አሠልጣኛችን አንድ ሻምበል ነበሩ፤ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «ወደፊት፣ በመሃል» የሚል ነው።

አንድ ረዘም ያለ ጎልማሳ ኳስ በብብቱ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ። አዱኛ ይባላል፤ በሥራው ልብስ ሰፊ፣ በሜዳው የከተማው ቡድን አምበል ነው።

«አያ ካሣ፣ ይቺ ነፍሷ ወጥታለች። ትድን ይሆን?» አለኝ።

አገላብጬ አየኋት። ስፌቷ ተተርትሮ የውስጡ ፊኛ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። «አንተ ሰፊ አይደለህ እንዴ? ምነው ራስህ ባልሰፋሃት?»

«የኔ መርፌ አቡጀዲ እንጂ የበሬ ቆዳ መቼ ይበሳል!»

ወስፌዬን አነሳሁ፤ ክሩን ሰም አስነከስሁና ሰፋኋት። ፊኛውን በአፌ ነፍቼ ማሰሪያዋን አጠበቅሁ። አዱኛ ኳሱን ተቀብሎ አይሄድም፣ ቆሞ ያየኛል። «ጦር ሰፈር ተጫውቷል ይሉሃል። እስቲ ወጣ በልና እየን» አለኝ። ወጣሁ። በዚያው ቀረሁ።

የኛን ሜዳ ለማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። በወዲያኛው ጎኑ ገደል አፍ አለ፤ ኳስ ከገባበት አንድ ሰው ወርዶ እስኪያመጣው ጨዋታው ይቆማል። በወዲህኛው ጎኑ ድንጋዩ እንደ ጥርስ ያገጠጠ ነው። በላይ ደግሞ ንፋሱ አለ። የከተማችን ስም ያለ ምክንያት አልወጣም። ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ከፍ ብላ የተመታችን ኳስ ይዞ የሚሄድበትን እሱ ያውቃል። በረኛችን አንድ ቀን ወደፊት የመታት ኳስ ዞራ ከራሱ ጀርባ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ በጎን አይሆንም፣ በላይ አይሆንም። የሚቀረው መሬት ለመሬት፣ በመሃል ነው።

የኛዎቹ ከእስቴ ቡድን ጋር ሲጋጠሙ አየኋቸው፤ የመስቀል ሰሞን ነበር። እስቴዎች ከመካነ ኢየሱስ በእግርና በበቅሎ መጥተው፣ ደክሟቸው እንኳ አሸነፉን። ከኋላ የሚከላከሉላቸው ሁለት በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። አንዱ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ፣ አንዱ ጺማም አስተማሪ። መሮጥ አይችሉም። ጎን ለጎን ቆመው ያወራሉ እንጂ ሌላ ሥራ የላቸውም። በመሃላቸው ጭድ የጫነ አህያ ያልፋል። የኛዎቹ ግን ኳስ ይዘው እዚያ ሲደርሱ ታጥፈው ወደ ገደሉ ይሄዳሉ። አሁንም ይሄዳሉ፣ አሁንም ገደል ነው።

ሲያበቃ አዱኛን ጠራሁት። «ያን ሁሉ በር ተከፍቶልህ ምነው ዞርህ?»

«የቱ በር?»

«በሃምሳ አለቃውና በአስተማሪው መሃል ያለው ነዋ!»

አዱኛ እንደ እብድ አየኝ። «ሰዎቹ እኮ ቆመው ወግ እየተጫወቱ ነበር፣ አያ ካሣ። ታዲያ በመሃላቸው ልለፍ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም እዚያው አገር ያደግሁ ነኝ። ሁለት ታላላቅ ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ በመሃል አይታለፍም፤ በኋላቸው ዞረህ ትሄዳለህ። ግድ ከሆነብህ ጎንበስ ብለህ ይቅርታ ጠይቀህ ነው። ይህ ከጡት ጋር የገባ ነገር ነው። አጥቂያችን ታከለ፣ ቅቤ ነጋዴው፣ አንድ ጊዜ ሃምሳ አለቃውን በትከሻው ነክቶ ኳሷን ትቶ «ይማሩኝ ጋሼ» ሲል ሰምቻለሁ። ኳሷን እስቴ ወሰደ፤ ጎልም አገባባት።

ማሠልጠን የጀመርሁት ከዚህ ላይ ነው። ሻምበሉ ያስተማሩኝን መጀመሪያ ነገርኋቸው። ባላጋራህ ሦስት መስመር ሆኖ ይቆማል፤ የፊት፣ የመሃል፣ የኋላ። እያንዳንዱን መስመር የምታልፈው በሁለት ሰው መካከል ባለው ክፍተት ነው። የሚያቀብለው ዓይኑን ቀና ያድርግ። የሚቀበለው ጀርባውን ሰጥቶ አይቁም፤ ጎኑን ሰጥቶ ይቁምና በራቀው እግሩ ይቀበል፤ ያኔ ፊቱ ወደፊት ነው። ሁሉም «እሺ» አሉ። ሜዳ ሲገቡ ግን ያው ገደሉ።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠርሁ። ሁለት ተጫዋቾችን ጋቢ አልብሼ መሃል ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አቆምኋቸው። «ተጫወቱ፣ አውሩ» አልኋቸው። ስለ ሠርግ፣ ስለ ድንበር ክርክር፣ ስለ ጠፋ በሬ ጮኽ ብለው ያወራሉ። ሌሎቹ ኳስ በመሃላቸው ያሳልፋሉ። ይቅርታ ያለ ለቅጣት ሜዳውን እየሮጠ ይዞራል።

መጀመሪያ ቀን ሳቅ ብቻ ነበር። ጋቢ ከለበሱት አንዱ ድምፁን አጎርንኖ «አንተ ያባትህ ልጅ፣ ዓይን የለህም?» ሲል፣ ታከለ እውነት መስሎት እግሩ ተሳሰረ። ኳሷ ከፊቱ ቆማ ቀረች።

«ምነው ቆምህ?» አልሁት።

«ተቆጡኝ እኮ!»

«ዓለሙ እኮ ነው፤ ካንተ በሦስት ክረምት የሚያንስ!»

«ጋቢ ሲለብስ ጊዜ አባቴን መሰለኝ» አለና ሜዳውን ሊዞር ሄደ።

መፍትሔው የመጣው ከእኔ ብቻ አይደለም፤ ይህን ደብቄ ክብር አልወስድም። አንድ ቀን አዱኛ ኳሷን ለታከለ በሁለቱ ጋቢ ለባሾች መሃል ላካትና እሱ ራሱ በኋላቸው ዞሮ ሮጠ። ታከለ መለሰለት። አዱኛ ከተከላካዮቹ ጀርባ ብቻውን ቆሞ ተገኘ። ተከላካዮቹ ኳሷን እያዩ ሰውየውን አላዩትም።

«ይኸው! በመሃላቸው መቼ አለፍሁ?» አለ እየሳቀ። «ያለፈችው እሷ ናት። ኳስ ደግሞ ነውር አታውቅም።»

ከዚያ ወዲህ የኛ ጨዋታ ይኸ ሆነ። ኳሱ በመሃል፣ ሰው በዙሪያ። እኔ ከዳር ሆኜ «መሃል!» እላለሁ፤ አዱኛ ይሰዳል፤ አንዱ ይዞራል። የስማዳን ቡድን ወገዳ ድረስ ሄደን አሸነፍን። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እየዘፈንን ነው የመጣነው። የዚያን ቀን እግሬ መታመሙን አላስታውስም። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊትም በኋላም አላገኘኝም።

አሁን ወደ በደሉ ልምጣ። ሜዳው የባላምባራስ ደስታ የግጦሽ መሬት ነው። ባላምባራስ የከተማው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ በፈቃዳቸው ነው የምንጫወትበት። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሰዓት ልምምድ ላይ ሳለን ባላምባራስና የደብሩ መሪጌታ ዘለቀ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በመንገዱ መጡ። መሃል ሜዳ ሲደርሱ ወሬ ያዛቸውና ቆሙ። ጋቢ ለብሰው፣ ጎን ለጎን፣ ስለ ድንበር ክርክር ጮኽ ብለው ያወራሉ።

አያችሁት? እኔ ልጆቹን ሳሠለጥን የኖርሁበት ልክ ይኸ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ የበረኛውን ጫማ አስራለሁ፤ አላየኋቸውም። አዱኛ ኳስ ይዞ ቀና ሲል ሁለት ጋቢ ለባሾች ሲያወሩ አየ። እግሩ ሳይጠይቀው መታት። ኳሷ በሁለቱ መሃል የባላምባራስን ጋቢ ዘርፍ ነክታ አለፈች። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በይቅርታ ባለቀ። ታከለ ግን የጎል ሽታ ከሸተተው መዞሩንም ይረሳል። በሁለቱ መሃል ራሱ ገብቶ በረረ። የመሪጌታ መቋሚያ ከእጃቸው ወድቆ ተንከባለለ።

ታከለ ዞሮ ሲያይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አሉ ባላምባራስ።

«አያ ካሣ» አለ ታከለ። ምን ያድርግ፤ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ታከለ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። ባላምባራስ ድንጋዩን አንስተው ጣሉለት፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባለ። አዱኛም እንዲሁ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አንተስ?» አሉኝ ባላምባራስ።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አልሁ። «አልመታሁ፣ አልሮጥሁ፣ በመሃል አላለፍሁ። ያስተማርሁት ሥራዬን ነው።»

«ሥራዬን ነው?» አሉ። «ጠፍር ከመፋቅ ሌላ አንተ ምን ሥራ አለህ?»

የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ሁሉም አልሳቀም፤ ግን የሳቁት በቁኝ። ቆዳ የሚሠራን ሰው በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚያዩት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለኔ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ድንጋይ አልነበረም። እሱን ብሸከም ሥራ የለኝም ብዬ መማሌ ነው።

«አልሸከምም» አልሁ።

«እንግዲያ ድንጋዩን እስክትሸከም ሜዳዬን እንዳትረግጥ።»

መሪጌታ ዘለቀ መቋሚያቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ቃል አልተናገሩም። ከሁሉ የቆረቆረኝ እሱ ነው።

ቤቴ ከሜዳው ዳር ናት ብያለሁ። ከበሬ እስከ ሜዳው ጥግ የአንድ ሰው ቁመት አይሞላም። ሁለት ክረምት እዚያ በር ላይ ተቀምጬ ጫማ ሰፋሁ፤ እግሬ ግን አንድ ቀን አላለፈም። በኔ ቦታ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ተተካ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ከደብረ ታቦር የመጣ ስለሆነ ንፋሳችንን አያውቀውም። «ከፍ አድርገህ ምታ!» ይላል። ከፍ አድርገው ይመታሉ። ኳሷ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ትገባለች፤ ድንጋዩ ላይ ትወድቃለች፤ ገደል ትገባለች። የወገዳዎች ቡድን እዚሁ መጥቶ፣ እዚሁ በደጄ፣ አሸነፈን። ጀርባዬን ሰጥቼ ወስፌዬን ይዤ ጩኸቱን ብቻ ሰማሁ።

ኳስ ግን ይቀደዳል። ኳስ ከተቀደደ ደግሞ ወደኔ ከመምጣት ሌላ አማራጭ የለም። አዱኛ ይዞ ይመጣል፤ ታከለም ይከተለዋል። እኔ እየሰፋሁ እጠይቃለሁ። «ትናንት ኳስ ሲሰጥህ የት ቆመህ ነበር?» መስፊያ ጣውላዬ ላይ ምስማር እደረድራለሁ፤ ይህ የነሱ መስመር፣ ይህ የኛ። አተር የምታህል የሰም ጠብታ ኳስ ናት። ታከለ በጣቱ የሰሟን ጠብታ በሁለት ምስማር መሃል ይሰዳታል። «ሰውየውስ?» እለዋለሁ። ሌላውን ምስማር በዙሪያ ያመጣዋል። የምትሰፋው ኳስ አንዳንዴ ያን ያህል የተቀደደች አትመስለኝም ነበር። በስለት ስፌቷን እየበጠሱ እንደሚያመጡልኝ ኋላ ነው ያወቅሁት።

አንድ ቀን አዱኛ «አያ ካሣ፣ ለምን አትሸከመውም? አንድ ጊዜ ነው። ጫንቃህ አይጎድል» አለኝ።

«አንተ ተሸከምህ እኮ። ምን ሆንህ?»

«ምንም አልሆንሁ። ስቄ ወጣሁ።»

«አንተን ሰፊ ነህ ብለው አልሳቁብህማ» አልሁት። መርፌውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና ሄደ።

ሁለተኛው ክረምት አልፎ ለጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ለዘውድ በዓል፣ ከእስቴ ጋር ግጥሚያ ተደረገ። ያ ጸሐፊ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ነበር፤ ቡድኑ አሠልጣኝ የለውም። ሜዳው በሰው ሞላ። ባላምባራስ ወንበር ወጥቶላቸው ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ አጠገባቸው። እስቴዎች ያንኑ ሃምሳ አለቃና ያንኑ ጺማም አስተማሪ ይዘው መጥተዋል፤ ሁለቱም ወፍረዋል። እኔ በሬ ላይ ነኝ።

እኩል ለእኩል ሆነው ብዙ ቆዩ። የኛዎቹ ሕዝቡን ሲያዩ ፈሩ መሰለኝ፣ አሮጌው ነገር ተመለሰባቸው፤ ወደ ገደሉ፣ ወደ ገደሉ። «መሃል!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት። መጮህ አልተከለከልሁም፤ ግን እልህ ያዘኝ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ።

አዱኛ እንደገና ኳስ ይዞ መጣ። ሃምሳ አለቃውና አስተማሪው ጎን ለጎን ቆመው ያወራሉ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዱኛ አቅማማ፤ ወደ ገደሉ ሊታጠፍ ሲል አንድ ድምፅ ሜዳውን ሰነጠቀው።

«በመሃል! በመሃላቸው ስደድለት እንጂ፣ ምን ትፈራለህ!»

ባላምባራስ ደስታ ናቸው። ከወንበራቸው ተነስተዋል፤ ጋቢያቸው ወድቋል።

አዱኛ ሰደዳት። ታከለ ይህን ጊዜ መዞሩን አልረሳም፤ በኋላቸው ዞሮ ብቻውን አገኛት። ጎል።

ሰው ሁሉ ጮኸ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ። ባላምባራስ ምን እንዳሉ ሁሉም ሰምቷል። እሳቸውም ሰምተውታል። ቀስ ብለው ተቀመጡ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ጋቢውን አነሱላቸውና፣ እኔ በሬ ላይ ሆኜ እስክሰማ ድረስ ጮኽ ብለው «ባላምባራስ፣ ይህን ማን አስተማረዎ?» አሏቸው።

ከዚያ ሳቁን ማን ይያዘው። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ጨዋታው እስኪያልቅ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት መሪጌታ ዘለቀ በሬ ላይ ቆሙ። «ተነስ፣ ሜዳ እንሂድ» አሉኝ።

«ድንጋይ አልሸከምም፣ መሪጌታ።»

«ማን ድንጋይ አለህ? ክፉ። ተነስ!»

«ያን ለት ዝም አሉኝ» አልኋቸው። በሆዴ የኖረውን ነው የተናገርሁት።

«ዝም አልሁ» አሉ። «ስለ መቋሚያዬ ተናድጄ ነበር። መቋሚያው ቆሟል፤ አንተ ግን እንደተቀመጥህ ቀረህ። አሁን ተነስ።»

ባላምባራስ መሃል ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ልክ ያኔ የቆሙበት ቦታ። አዱኛ፣ ታከለ፣ ሽማግሌዎቹም አሉ። መሪጌታ ሄደው ከባላምባራስ ጎን ቆሙ። እኔ ዳር ላይ ነኝ፤ እግሬ ገና ሜዳውን አልረገጠም።

«ካሣ» አሉ ባላምባራስ። «ያን ለት ምን ሥራ አለህ ብዬህ ነበር። ሥራ አለህ። ድንጋዩ ቀርቷል። ሰው ሁሉ እያየ በመሃላችን እለፍና ይብቃን።»

ሜዳውን ረገጥሁ። ሣሩ ጤዛ ነበረው። ቀጥ ብዬ ሄድሁ፤ ደረቴን ነፍቼ በመሃላቸው አልፋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሁለት ክረምት ያብሰለሰልሁትን እልህ እዚያው ላራግፍ። አጠገባቸው ስደርስ ግን እግሬ አልታዘዘኝም። ታጠፍሁ። በኋላቸው ዞሬ ከፊታቸው መጥቼ ቆምሁ።

ባላምባራስ አዩኝ፤ መሪጌታን አዩ። «እንዴ! አንተም አትችለውም?»

«ኳስ አቀብሉኝ፣ እሷ ታልፋለች» አልኋቸው።

ባላምባራስ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አዱኛ ኳሷን ወረወረልኝ። ሁለቱም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ፤ እኔም በመሃላቸው ለታከለ ሰደድሁለት።

ያን ለት እዚያ ሜዳ ላይ ከቆምነው ዛሬ ብዙዎቹ የሉም። ባላምባራስም መሪጌታም አርፈዋል። አዱኛ ዓይኑ ደክሞ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶታል፤ ስንገናኝ የምናወራው ግን አሁንም ስለ ሃምሳ አለቃውና ስለ አስተማሪው ነው። ያ ሳቅ ደጀ ሰላሙ ላይ የተሳቀው፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያቃጥለኛል። ይቅር አልሁ እንጂ ረሳሁ አላልሁም።

ለምታሠለጥኑ የምለው አንድ ነገር ነው። ተጫዋቻችሁ በመሃል አልሄድ ሲል ፈሪ ነው አትበሉ፤ ምን ተብሎ እንዳደገ ጠይቁት። ከዚያ ኳሱን በመሃል ስደዱ፤ ሰው ዞሮ ይቀበል።

ነገሩ ያለቀው ኅዳር 12 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ለት ነው።